ሰኔ ሲጾም፣ ሞፈር ሲቆም

የ2018 ሰኔ ሰኞ ይብታል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በማቻከል ወረዳ፣ በአማኑኤል ከተማ ዙሪያ ለሚያርስ ገበሬ ከዚህ ወር የሚበልጥ የጥድፊያ ጊዜ የለም። ዝናቡ ይዟል፣ በቆሎው አረም ይፈልጋል፣ የጤፉ መሬት ገና ተደጋግሞ ይታረሳል። ታዲያ የሥራ ቀኖቹ ስንት ናቸው? ቅዳሜና እሑድ በሬ አይጠመድም፤ ይህ ብቻ ስምንት ቀን ነው። በ5 አቦ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ። የ21 ማርያም እሑድ ላይ፣ የ27 መድኃኔዓለም ቅዳሜ ላይ ስለዋሉ ተጨማሪ ቀን አይወስዱም። ከ30 ቀን የሚተርፈው 17 ነው። የ16 ኪዳነ ምሕረትንና የ24 ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ የሚያከብር አጥቢያ ከሆነ ደግሞ 15።

ይህ ቁጥር ለዘመናት ሲያከራክር ኖሯል። የግብርና ባለሙያው ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም ይላል። ሽማግሌው በዓል የሻረ ሰው በረዶ ይጠራል፣ በረዶውም የጎረቤትን ማሳ አይለይም ብሎ ይመልሳል። ተምሮ የተመለሰው ልጅ በሁለቱ መካከል ይቆማል። የአማኑኤል ሰው ክርክሩን ከሩቅ የሚሰማው አይደለም። ከተማው ራሱ በየወሩ በ28 በሚከበረው ስም ይጠራል፤ ጎረቤቶቹ ደብረ ማርቆስና ደብረ ኤልያስም እንዲሁ በቅዱሳን ስም የቆሙ ናቸው። በዚህ አገር ቀን የሚቀጠረው «በሚካኤል ማግሥት»፣ «ለማርያም» እየተባለ ነው። ብድር የሚመለሰው፣ ሙግት የሚቀጠረው፣ ሙሽራ የሚጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው።

ከሩቅ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ። በዓል ማለት እጅ አጣጥፎ መዋል አይደለም። የተከለከለው ከሁሉ በፊት በሬ መጥመድ ነው። ሞፈርና ቀንበሩ ይቀመጣል እንጂ አጥር ይታጠራል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ገበያ ይወጣል፣ የታመመ ይጠየቃል። የተጣላ የሚታረቀው፣ የደም ነገር የሚሸመገለው፣ የጽዋ ማኅበር የሚሰበሰበው፣ ለሟች ተዝካር የሚወጣው በእነዚህ ቀኖች ነው። የቀበሌ ስብሰባ እንኳ ሰው የሚሞላው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስለዚህ የበዓሉን ዋጋ በታጣው የእርሻ ቀን ብቻ የሚተምን ስሌት ጎዶሎ ነው። የዚያን ያህል ግን፣ አንድ ጥማድ በሬ ይዞ ጤፍ የሚዘራ ሰው በሰኔ የሚያጣው ቀን በጥር እንደሚያጣው ቀላል አይደለም። ቅሬታውም የእምነት ማነስ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ቀኖቹ አንድ ጊዜ ተደንግገው እንደዚያው የኖሩ አይደሉም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር ብለው ተከራከሩ፤ በዚህም ከአገር እስከ መሰደድ ደረሱ። ከመቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። የእመቤታችን 33 በዓላት ሥርዓት የጸናውም በእሳቸው ዘመን ነው። ጎጃም ራሱ ዋና መድረክ የሆነው ግን በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው። በ1610ሮቹ ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብሉ የቅዳሜን ሰንበት ከለከሉ። የጎጃም ገዥና የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የአዲሱ እምነት ዋና ደጋፊ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ቅዳሜ አርሶ እንዲውል በአዋጅ ሲታዘዝ አመፀ። ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የቀድሞውን እምነት መለሱ፤ ዙፋኑም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሆነ። ዛሬም በአዋጅ በዓል ለመቀነስ የሚያስብ ሁሉ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ቢያነበው ይበጀዋል።

በየወሩ የሚመላለሱት በዓላት ቁጥራቸው የታወቀ ነው። ሊቅ የሚያስፈልገው ለሚዘዋወሩት ነው። ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ አይለቁም፤ ቀናቸው ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ይህን የሚያስማማው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈውለታል። የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወርም እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ የተጠበቀው የእስክንድርያ ስሌት መሆኑን አሳይቷል።

የአብነት ተማሪ ያለ ወረቀት የሚሠራውን ስሌት በ2018 ላይ እንሞክረው። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ «ለዘመን» ተብሎ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ስለሆኑ ስሌቱ አልተሳሳተም። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲደመርበት 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም በ14ኛው ቀን የካቲት 9፣ ትንሣኤ በ69ኛው ቀን ሚያዝያ 4። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ይህ በቃል ተይዞ ለትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ አብዛኛው ምእመን ቀኑን ከግድግዳ ካላንደርና ከስልክ ያነባል። ካላንደሩ መቼ እንደሆነ ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ስሌቱን የሚያውቅ ሰው በየአጥቢያው ማነሱ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ፀሐይንና ጨረቃን አስማምቶ መጾም የኛ ብቻ ሙያ አይደለም። በደቡብ ህንድ የሚኖሩ የታሚል ሂንዱዎች ወራቸውን በፀሐይ ይቆጥራሉ፤ አዲስ ዓመታቸው ሚያዝያ 6 ገደማ፣ የመከር በዓላቸው ፖንጋል ደግሞ ጥር 6 ገደማ፣ ከጥምቀታችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ይውላል። ጾማቸው ግን በጨረቃ ነው፤ በኤካዳሺ፣ ማለትም ጨረቃ መሙላት ከጀመረችም መጉደል ከጀመረችም በ11ኛው ቀን፣ በወር ሁለቴ ይጾማሉ። ቀኑን ፓንቻንጋም ከሚባለው የቀን መቁጠሪያቸው የሚያወጣላቸው የተማረ ሰው አለ። በንጉሡና በደርግ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ብዙ ህንዳውያን ነበሩ። የባዕድ አገር ሰው ሆነው የረቡዕና የዓርብን ጾም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ ያስፈለጋቸው አይመስልም።

ጾሙ ከበዓሉ ይልቅ ወደ ጓዳ ይገባል። ሰባቱ አጽዋማት ከረቡዕና ከዓርብ ጋር ተደምረው ለምእመን 180 ቀን ያህል ሲሆኑ፣ የፈቃዱን ሁሉ ለሚጾም ካህንና መነኩሴ እስከ 250 ይደርሳሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፍልሰታ ሕፃን ሳይቀር ይጾማል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገደኛ አማኑኤል ላይ ሲያርፍ በጾም ወራት የሚቀርብለት ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች በአልጫ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ ነው። ሉካንዳው ይዘጋል። ወተቱ ይናጥና ቅቤው ለፍስክ ይቀመጣል፤ ማስቀመጥ የማትችል ቤት በርካሽ ትሸጣለች። የጎጃም ኑግ በበኩሉ ገበያው ይደራለታል። እንግዲህ ጾም የነፍስ ጉዳይ ቢሆንም ዋጋ የሚያወጣና የሚያወርድ ነውና፣ ስለ ወተት ልማት የሚያቅድ ሁሉ ቀድሞ አበቅቴውን መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የሚለዋወጠው የሰኔ ጾም ነው። የሚገባው በጰራቅሊጦስ ማግሥት ነው፤ የሚፈታው ምንጊዜም ሐምሌ 5 ነው። ትንሣኤ ሲዘገይ ወደ 15 ቀን ያጥራል፤ ሲፈጥን እስከ 49 ይረዝማል። በ2018 ግንቦት 24 ይገባና 41 ቀን ይጾማል፤ ሰኔ 12 ዓመታዊው ሚካኤል በጾም ውስጥ፣ ያውም ዓርብ ላይ ይውላል። በ2019 መጥቅዑ 7፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ነው። የሰኔ ጾም የሚገባው ሰኔ 14 ሲሆን 21 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት የሰኔ ሚካኤል ዝክር በቅቤ ይወጣል፤ ገበሬውም የክረምቱን የመጀመሪያ እርሻ ወተት እየጠጣ ይጀምረዋል።