ነጭ ጭራ አጋዘን በበረዶ ወራት መቼ ይወጣል?

በሚኒሶታም ሆነ በሚሺጋን ደኖች ነጭ ጭራ አጋዘን የሚያድን ሰው አስቀድሞ የሚማረው እንስሳው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ዓይኑ ለድንግዝግዝ የተፈጠረ ነውና ይህ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። በረዶው ሲከመር ግን ሰዓቱን ከብርሃኑ ይልቅ የሚወስነው የጉልበት ቁጠባ ነው።

ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የስሪያ ወቅት ይገባል፤ በሰሜኑ ግዛቶች ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይጦፋል። ያን ሰሞን ወንዱ ሴት ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይሮጣል፣ መብሉንም ይረሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ከክብደቱ እስከ ሩብ የሚደርስ ሊያጣ ይችላል። ሳታረግዝ የቀረች ሴት ከ28 ቀን ገደማ በኋላ ዳግም ስለምትፈልግ ዲሴምበር ላይ አጠር ያለ ሁለተኛ ግርግር ይኖራል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየጥጉ ይሰክናል።

የክረምቱ ጸጉር አስደናቂ ነው። ከላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ጸጉር፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ሱፍ አለ። ሙቀቱ ወደ ውጭ ስለማያመልጥ አጋዘኑ በረዶ ጀርባው ላይ ተከምሮ ሳይቀልጥ ተኝቶ ሲያመሰኳ ይታያል። እንዲህ የሚቆጥብ እንስሳ በቀኑ እጅግ ቀዝቃዛ ሰዓት ያለ ምክንያት አይነሣም። ስለዚህ ብርዱ በሚጠናበት ቀን ከንጋቱ ይልቅ የከሰዓቱ ጥበቃ ይሻላል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ፀሐይ የሚመታውን ደቡብ ገጽ ተዳፋትና የታጨደ የበቆሎ ማሳ ዳር ተመልከቱ። ማዕበል ሊመጣ ሲልም ሆነ ካባራ በኋላ እንዲሁ ለመብል ይወጣል።

አመሻሽ ላይ አየሩ ቀዝቅዞ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ከግጦሹ በላይ የተቀመጠ አዳኝ ጠረኑን ለመንጋው ይልካል። ሕጉንም አስቡ፤ በሚኒሶታ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ደግሞም ነጭ ጭራው እንደ ባሌው የደጋ አጋዘን ዘላቂ ቀንድ የለውም። አብዛኛው ወንድ ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ቀንዱን ስለሚጥል፣ ዘግይቶ በሚዘጋ የቀስት አደን ላይ ቀንድ የሌለው ሁሉ ሴት አይደለም።

በረዶው ግማሽ ሜትር ገደማ ሲደርስ መንጋው ጥቅጥቅ ባለ ጥድ ሥር ይሰበሰባል፤ እየተመላለሰ የረገጣትን ጠባብ መንገድ ይዞ እስከ ጸደይ ይቆያል። ያን ጊዜ አታባርሩት፤ እያንዳንዱ ሩጫ ካጠራቀመው ስብ ላይ ይቀንሳል። አዝናችሁም በቆሎ አትበትኑለት። በጨጓራው ያሉት ተሕዋስያን በዚያ ወቅት ቀንበጥና ቅርፊት ለመፍጨት የተለማመዱ ናቸው፤ ድንገት የገባ እህል ጨጓራውን አሲድ ያደርገዋል፣ አጋዘኑም ሆዱ ሙሉ ሳለ ሊሞት ይችላል።