ለተጠለፈችው ልጅ የቆሙት የሕግ ሴት

በዋጃ ሜዳ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ፣ ሴት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከ አባት እስክትመለስ ድረስ ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም። የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ታሪክ ለውድ አንባብያን ስናቀርብ እንዲህ ያለውን አባት እያሰብን ነው።

ወይዘሮ መዓዛ በ1956 ዓ.ም. በአሶሳ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በወጣትነታቸው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው፣ እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። እኛ ግን ከሹመታቸው ይልቅ ከዚያ በፊት የሆነውን እናስቀድማለን።

ይኸውም ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረችም፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ ማኅበሩ ያለ ዋጋ ጥብቅና ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በጋብቻ ካሰራት ከክስ ያድነው ነበር። (ከጠለፋ በኋላ ሽማግሌ ለመላክ የሚቸኮለው ለማን ተብሎ እንደ ነበረ ወላጆች ልብ ይሏል።) ያ አንቀጽ በ1997 ዓ.ም. በጸናው አዲስ ሕግ ተሽሯል።