ቀን የጾመ አፍ ማታ ለምን ይሸነፋል?



ሲጋራ የሚያጨስን ሰው ጭሱና ሽታው ያጋልጡታል። ትምባሆ የሚያኝክ ሰው ግን ከጎናችን ተቀምጦ እየተጨዋወተ፣ እየሠራ፣ አንዳንዴም እኛኑ እየመከረ ሱሱን ይወጣል። ቅጠሏ ከታችኛው ከንፈርና ከድዱ መካከል ትቀመጣለች፤ በየመካከሉ እንትፍ ከማለቱ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህም ስለ ሲጋራ ብዙ ሲባልና ሲጻፍ፣ ስለሚታኘከው ትምባሆ የሚነገረው ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ ስለዚሁ ለመጻፍ የተነሣሁት ከመጽሐፍ ባገኘሁት ብቻ ሳይሆን በቤተሰባችን በደረሰው ጭምር ነው። ባለቤቱ ፈቅደውልኛል፤ «ስሜን ተወው እንጂ ነገሩንስ ጻፈው፤ ምናልባት አንድ ሰው ይተርፍበታል» ብለውኛል።

ከመወርወሪያው ጋር የኖረ ሱስ

አጎቴ ሸማኔ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ እግራቸውን ከጉድጓዱ ከትተው ጋቢና ኩታ ሲሠሩ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሽመና በጎጃም ለብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች እንጀራ ሆኖ የኖረ ሙያ ነው። ሁለቱም እጅ፣ ሁለቱም እግር ሥራ ላይ ነው። ሲጋራ ይዞ መወርወሪያ መወርወር አይቻልም፤ ከዚያም በላይ ፍንጣሪ እሳት ድሩ ላይ ቢወድቅ የሳምንት ልፋት ይቃጠላል። ትምባሆ ማኘክ ግን እጅ አያስፈታም። አጎቴም ገና ወጣት ሳሉ ከሌላ ሸማኔ ተቀብለው ቀመሷት፤ «ድካም ታስረሳለች» ተብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራቸው ኖረች።

ከገበያ የማመጣላቸው እኔ ነበርሁ። በጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ በገበያ ቀን ደግሞ ወደ ትምባሆ ሻጯ። አጎቴ ስሟን አይጠሩም ነበር፤ «ሂድ እስቲ ልጄ፣ ያችን ነገር አምጣልኝ» ይሉኛል። እኔም በወረቀት የተጠቀለለውን ይዤ እሮጣለሁ። ምርቃታቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አድጌ መምህር ከሆንሁም በኋላ ነገሩ አልተለወጠም። በክፍል ውስጥ ስለ ደም ዝውውርና ስለ ኒኮቲን ጉዳት አስተምሬ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ መንደር ስሄድ ኪሴ ውስጥ ያችው ጥቅል ነበረች። «ሽማግሌ ሲለምን እንዴት ይከለከላል?» እያልሁ ራሴን አታልል ነበር። ዛሬ ሳስበው ከአጎቴ ሱስ ይልቅ የእኔ እውቀት ያሳፍረኛል።

ቅጠሉ በአፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

በብዙ ቦታ የሚታኘክ ትምባሆ ከአመድ ጋር ይቀላቀላል። ተጠቃሚዎች «ኃይል ይጨምርለታል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አመድ የትምባሆውን ኮምጣጣነት ስለሚያጠፋ ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ አመዱ ቅመም ሳይሆን የሱሱ ማጠንከሪያ ነው ማለት ነው።

«ጭስ የለውም፤ ሳንባ አይነካም» የሚለውም አባባል ብዙ ሰው አዘናግቷል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥራዝ፣ ጭስ የሌለው ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። ድድም ከጥርስ ሥር እየሸሸ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ዘወትር በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ምልክት ሊወጣ ይችላል። ይህ ምልክት ብዙውን ጊዜ አያምም። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው አለማመሙ ነው፤ ከነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ ውለው አድረው ወደ ካንሰር ይለወጣሉና።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት፣ ከመቶ አዋቂዎች 5 ያህሉ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ የሚያጨሱት ግን 3.7 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ጭስ የሌለውን ብቻ የሚጠቀሙ፣ «አጫሽ» የማይባሉ ብዙ ወገኖች አሉ።

ሕጉም ቢሆን በሚገባ አይደርስላቸውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍም የፓኬቱን 70 ከመቶ እንዲሸፍን አዟል። ነገር ግን በገበያ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ቅጠል ፓኬት የለውም። እኔ በልጅነቴ ያመላልስሁት ጥቅል የደብተር ወረቀት እንጂ ማስጠንቀቂያ አልነበረበትም።

ቅጣትና ቁጣ ያላስተወው ነገር

ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው አሜሪካ ከታወቀች በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ስላልነበረ ዑለማዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል፤ ሙባሕ ያሉት፣ መክሩህ ያሉት፣ ሐራም ያሉትም ነበሩ። ጉዳቱ በሕክምና ከታወቀ ወዲህ ግን ሐራም የሚሉት በርክተዋል።

መንግሥታትም በጉልበት ሞክረውታል። የኦቶማን ሱልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆን ከልክለው እስከ ሞት ቀጥተዋል። በአገራችንም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ሁለቱም ነገሥታት አለፉ፤ ትምባሆው ግን አለ። ፍርሃት ሰውን ያስደብቀዋል እንጂ አያስተወውም።

በአጎቴ ቤትም የሆነው ይኸው ነበር። ባለቤታቸው ዘወትር ይቆጡ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ተቆጣሁ» ይላሉ ዛሬ እየሳቁ፤ «ለካ ትምባሆው ቁጣዬን ለምዶታል!»

ሁለት ጊዜ መውደቅ

ነገሩን የቀየረው ቁጣ አልነበረም፤ የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጨዋታ ነበር። አንድ ቀን ሕፃኑ ከደጅ ተቀምጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከንፈሩ ሥር ሸጉጦ፣ እንጨት እንደ መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ፣ በየመካከሉ እንትፍ ይላል። «አያቴን ነኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ብቻ አልሳቁም።

በዚያው ሳምንት «ተውሁ» አሉ። ጊዜው ክረምት ነበር። በሁለተኛው ቀን ራሳቸውን አመማቸው፣ እንቅልፍ አጡ። በሦስተኛው ቀን ድሩ በተበጠሰባቸው ቁጥር እየተቆጡ ሲቀጥሉ ዋሉና፣ ማታ የጎረቤት ሸማኔ ዘንድ ሄደው አኘኩ። ከዚያም አፈሩ፤ ለወራት ነገሩን አላነሡም። እኔም በኋላ እንደተረዳሁት የወደቁት በጣም በሚከብደው ቀን ነበር። ትምባሆ ያቆመ ሰው ብስጭቱና ራስ ምታቱ የሚበረታበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሕመሙ የማያልቅ መሰላቸው።

ረመዳን ሲቃረብ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ በጾም ቀኑን ሙሉ እንዴት ይችላሉ?»

«ጾም ነዋ! ትምባሆ ያኘከ ጾሙ ፈረሰ አይደል?»

«ታዲያ ቀን 13 ሰዓት ያህል የቻሉ ማታ ለምን ያቅትዎታል?»

ዝም ብለው ቆዩና «እኔ እንጃ፤ ቡናው ሲፈላ እጄ ራሱ ይሄዳል» አሉ።

መልሱ እዚያው ነበር። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከሱሑር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ከመቶ ሁለት እንኳ የሚሞላ አይቀርም። ጾመኛ ሱሰኛ እንግዲህ በየቀኑ ትምባሆን ትቷል ማለት ነው። ማታ የሚጥለው የቦታው፣ የሰዓቱና የቡናው ልማድ ነው። ስለዚህ ቀኑን ለጾሙ ትተን ማታውን አብረን አሰናዳነው።

ባለቤታቸው ትምባሆው የሚቀመጥበትን ቆርቆሮ ከሽመናው አጠገብ አነሡ፤ ቁጣውንም አብረው አነሡት። ከኢፍጣር በኋላ አጎቴ አፋቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ፣ ወዲያው ለተራዊሕ ወደ መስጊድ ይወጣሉ። ቡናው ሲመለሱ ይፈላል፤ እሳቸውም ከለመዱት ጥግ ሳይሆን በሕፃኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። አፋቸው ሥራ ሲፈልግ የተቆላ ሽምብራ አለ። ፍላጎቱ ሲመጣ ውኃ ይጠጣሉ፤ አንድ ጊዜ የተነሣ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋልና። እኔም ከዚያ ረመዳን ወዲህ ያችን ጥቅል በእጄ አልያዝሁም።

ሃያ ዘጠኙን ሌሊት አለፉት። በዒድ ቀን ግን ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ለዒድ አንድ ቀን ምን አላት?» ብሎ ሰጣቸው፤ ተቀበሉ። ማታ ደውለው «ወደቅሁ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። እኔም ቁጣ አላወጣሁም። «ጋሼ፣ ሃያ ዘጠኝ ቀን የገነቡት አልፈረሰም። የወደቁባትን ሰዓት ብቻ እንያት» አልኋቸው። በማግስቱ ስድስቱን የሸዋል ቀናት መጾም ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ፤ አልተመለሱም።

በዚያው ወር ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ነርሷ ከንፈራቸውን ገልብጣ ስታይ ነጭ ምልክት አገኘች፤ ወደ ሆስፒታል ተልከው ተመረመሩ። ካንሰር አልሆነም፤ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙም «ቢቀጥሉ ግን ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይናገርም» አላቸው። ምልክቱ ካቆሙ በኋላ እየደበዘዘ ሄደ። የሸሸው ድድና የወለቁት ሦስት ጥርሶች ግን አልተመለሱም።

ለቤተሰብ ጥቂት ቃል

በቤታችሁ ትምባሆ የሚያኝክ አባት፣ ወንድም ወይም ባል ካለ የሚከተሉትን አስቡባቸው።

አንደኛ፣ ልጅን ትምባሆ ግዛ ብላችሁ አትላኩ። ተሸካሚው ነገ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ሕፃን ትምባሆ ቢውጥ ሊመረዝ ስለሚችል ቅጠሉ ከእጁ መራቅ አለበት። ይህ ከደረሰ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሁለተኛ፣ የሚተውበትን ቀን ከራሱ ጋር ተነጋግራችሁ ቁረጡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንደሚከብዱ፣ ግን እንደሚያልፉ ንገሩት። በነዚያ ቀናት ሥራ ቢቀልለት፣ ጠብም ባይነሣ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ሱሱን በሌላ ሱስ አትተኩት። ትምባሆ ትቶ ጫት ወይም ሲጋራ የያዘ ሰው ቤት ቀየረ እንጂ አልወጣም።

አራተኛ፣ በአፍ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካለ፣ ባያምም እንኳ ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጭስ የሌለውንም ትምባሆ መራቅ አለባት፤ ለፅንሱ ጎጂ ነውና።

አምስተኛ፣ ከወደቀ አታዋርዱት። አስካሪ መጠጥ እንኳ በአንድ ቀን ሳይሆን በደረጃ እንደተከለከለ ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። ሰውን የፈጠረው ጌታ የሰውን ድካም ያውቃል። እኛ በእናታችን፣ በአባታችንና በወንድማችን ላይ ከዚያ የበለጠ እንዳንቸኩል።

በቅርቡ አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከጉድጓዳቸው ተቀምጠው ይሠራሉ። ዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሞላው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ማግ ያጠነጥናል። ያ ቆርቆሮ ከቦታው ተመልሷል፤ ግን ክር የተጠቀለለባቸው ቀሰሞች ይዟል። ልጁን «አያትህ ምን ያኝኩ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ሽምብራ» አለኝ።

አጎቴ በዚህኛው ሳቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለመተው የተነሡትን ሁሉ ያግዛቸው፤ እኛንም የሚያግዙ እንጂ የሚያቀብሉ አያድርገን። አሚን።