የአፍ ጠረን፣ የቶንሲል ጠጠርና የምንበላው ምግብ

በዛሬው ጽሑፌ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ነገር ግን አፍ አውጥቶ ስለማይናገረው ጉዳይ ላጫውታችሁ ነው፤ ስለ መጥፎ የአፍ ጠረን። ለወሬ የሚመች ርዕስ ባይሆንም በክፍላችን ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አንድ ተማሪ «አፉ ይሸታል» ከተባለ አጠገቡ የሚቀመጥ ይጠፋል። ቀጥሎ እጁን ማውጣት ይተዋል፤ ንባብ ሲደርሰው አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ያነበንባል፤ ሲብስበት ደግሞ ከነጭራሹ ከትምህርት ይቀራል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ልጅ ጉሮሮው ውስጥ ነጭ ነገር ሲታይበትና ትንፋሹ ሲሸት፣ ወላጆች ወደ ክሊኒክ በመውሰድ ፈንታ እንጥል ወደሚቆርጡና ቶንሲል ወደሚቧጥጡ ሰዎች የሚወስዱበት ጊዜ አለ። ይህ ደግሞ ሕይወት እስከ ማሳጣት የሚደርስ ነገር ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር ሳልጨርስ ተሰደድኩ፤ አሁን እዚህ ካኩማ ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ለመምህርና ለተማሪ የሚሆነውን ያህል ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን «ጨጓራ ነው» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የአፍ ጠረን ካለባቸው ከአሥር ሰዎች የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ሽታ የሚነሳው ከአፍ ውስጥ ነው፤ ከምላስ የኋላ ክፍል፣ ከጥርስ መሐል፣ ከድድ ሥር። ከጉሮሮ፣ ከአፍንጫና ከሳንባ የሚመጣው ጥቂት ነው። ከጨጓራ በቀጥታ የሚመጣ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም የምግብ መውረጃው ቧንቧ ካልዋጥን ወይም ካላገሳን በስተቀር ዝግ ነው።

አፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ በጣም ብዙ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ የምግብ ትርፍራፊን፣ የሞቱ ሴሎችንና ንፍጥን ይበላሉ። በተለይ ፕሮቲን ሲያብላሉ ድኝ ያለበት ጋዝ ይወጣል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ያው ጋዝ ነው። ይህን የሚከላከልልን ምራቃችን ነው። ምራቅ አፍን ቀኑን ሙሉ እያጠበ ባክቴሪያውንም ትርፍራፊውንም ወደ ሆድ ያወርዳል። እንቅልፍ ላይ ሳለን ምራቅ በጣም ስለሚቀንስ ነው ጠዋት የሁላችንም አፍ የሚሸተው። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ አፍ በደረቀ ቁጥር ሽታው ይጨምራል።

የቶንሲል ጠጠር ምንድን ነው?

ቶንሲሎች ከጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሥጋ መሰል እብጠቶች ናቸው፤ ጀርምን ለመያዝ የተሠሩ ናቸው። ላያቸው ለስላሳ አይደለም፤ ትንንሽ ጉድጓዶችና ስንጥቆች አሉባቸው። ቶንሲሉ በተደጋጋሚ የታመመበት ሰው ላይ ጉድጓዶቹ ይሰፋሉ። የምግብ ብጣሽ፣ የሞተ ሴል፣ ንፍጥና ባክቴሪያ እዚያ ይገባና ይጠራቀማል። ውሎ ሲያድር በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም እየተጋገረበት ይጠጥራል። የቶንሲል ጠጠር የሚባለው ይህ ነው።

መጠኑ ብዙ ጊዜ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ አንዳንዴ አተር ያህላል። ቀለሙ ነጭ ወይም ቢጫ ነው። ሰው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ድንገት ወጥቶ፣ በጣት ሲፈረክሱት ክፉኛ ይሸታል። በትንንሽ ልጆች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከጉርምስና ጀምሮ ባሉት ይበዛል። ሰውየው ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር የተሰነቀረ ይመስለዋል፤ ወይም ጭራሽ ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

አንድ ነገር ይሰመርበት። የቶንሲል ጠጠርና የቶንሲል ሕመም አንድ አይደሉም። ጠጠሩ ትኩሳት አያመጣም፤ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ትኩሳት ያለበት፣ መዋጥ የሚከለክል የጉሮሮ ሕመም ግን ሌላ ነው። በባክቴሪያ የመጣ ከሆነና በጊዜው ካልታከመ በልብ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ክሊኒክ መታየት አለበት።

ምግባችንስ ምን ያደርጋል?

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ምግብ የበላ ጠጠር ይይዘዋል፣ ያን የተወ ይድናል የሚባል ነገር የለም። ወተት ውስጥ ካልሲየም አለና ወተት ጠጠር ያመጣል የሚሉ አሉ፤ ወተት መተው ጠጠርን እንደሚያስቀር ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። ልጆቻችሁ ወተት ካገኙ ይጠጡ። ምግብ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ አፍን በማድረቅ፣ ትርፍራፊ በመተውና ድድን በማዳከም። አንድ በአንድ እንያቸው።

ውኃ፦ ለአፍ ዳገት የለውም እንዲሉ፣ «ብዙ ውኃ ጠጡ» ማለት ቀላል ነው። በስደተኞች ካምፕ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይድረሰው የሚል ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ ቦኖ ላይ ጄሪካን ደርድሮ የሚጠብቅ ግን ነገሩን ያውቀዋል። በዚህ ሙቀት ደግሞ በላብ የሚወጣው ብዙ ነው። ያም ሆኖ ከበሉ በኋላ አፍን ለመጉመጥመጥ የሚያስፈልገው አንድ ሁለት ጉንጭ ውኃ ብቻ ነው። ንጹሕ ውኃ ከሆነ ተጉመጥምጦ መዋጥም ይቻላል፤ ምንም አይባክንም።

ባዶ ሆድ መዋል፦ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪ ማኘክ ስለማይኖር ምራቁም ያንሳል። ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ሲቆዩ ደግሞ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ከትንፋሽ ጋር የተለየ ሽታ ይወጣል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ የአንድ ልጅ አፍ ሲሸት «ንጽሕና አይጠብቅም» ከማለታችን በፊት «በልቶ ይሆን ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የራሽን ማለቂያ ሰሞን ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ባቄላ፣ ምስር፣ ንፍሮና ቆሎ፦ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ማንም እንዳይተዋቸው። ነገር ግን የበቆሎ ገለባና የቆሎ ስባሪ በጥርስ መሐልና በቶንሲል ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። መድኃኒቱ መጉመጥመጥ ነው። በደንብ የሚታኘክ ምግብ ደግሞ ምራቅ ስለሚያበዛ በዚህ በኩል ይጠቅማል።

ስኳር የበዛበት ሻይ፦ ብዙ ስኳር ያለው ሻይ ቀኑን ሙሉ ሲጠጡ መዋል ጥርስን ያበሰብሳል። የተቦረቦረ ጥርስ ደግሞ ራሱ የሽታ ጎተራ ነው። ስኳሩን መቀነስ፣ ካልሆነም ሻዩን ከምግብ ጋር ጠጥቶ ወዲያው መጉመጥመጥ።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት፦ የእነዚህ ሽታ በአፍ ብቻ አይቀርም። ከሆድ ወደ ደም ይገባና በሳንባ በኩል በትንፋሽ ይወጣል። ስለዚህ ጥርስ ቢፋቁም ለሰዓታት ይቆያል። ወተት ከምግቡ ጋር መጠጣት ይቀንሰዋል። ይህ ሽታ በሽታ አይደለም፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

ቡና፣ ጫትና ሲጋራ፦ ይህ ይበልጥ የሚመለከተው እኛን መምህራንን ነው! ጫትና ሲጋራ አፍ ያደርቃሉ፤ ድድንም ይጎዳሉ። ቡና ደግሞ የራሱን ሽታ ምላስ ላይ ትቶ ይሄዳል። የተማሪን ደብተር ጎንበስ ብለን ስናርም ልጁ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀን ከሆነ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አይደል?

አትክልትና ፍራፍሬ፦ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ካምፖች ስከርቪ የሚባል በሽታ ተከስቶ ነበር። ምክንያቱ ራሽኑ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ብቻ ሆኖ ቫይታሚን ሲ ስላልነበረበት ነው። የዚህ በሽታ ምልክት የድድ ማበጥና መድማት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የከፋ የአፍ ሽታ ነው። ስለዚህ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሱኩማ ዊኪ ስናገኝ ትንሽም ብትሆን እንብላ። ቫይታሚን ሲ በእሳት ብዛት ስለሚጠፋ ጎመኑን አብዝተን አንቀቅለው። የልብስ ማጠቢያ ውኃ በሚደፋበት አካባቢ ሳይሆን፣ ዕቃ ባለቀለቅንበት ውኃ በአሮጌ ከረጢት ውስጥ ጎመን ማብቀል ይቻላል።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ራስን መፈተሽ። የእጅ አንጓን በምላስ ልሶ፣ አሥር ሴኮንድ ያህል አድርቆ ማሽተት ነው።

ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት ማጽዳት። ብሩሽና ሳሙና የሌለው መፋቂያ አለው። ቱርካናዎች ኤሶኮን የሚሉት፣ ሶማሊዎችም ለመፋቂያ የሚጠቀሙበት ዛፍ በዚህ አካባቢ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 (እ.ኤ.አ.) መፋቂያ በሚለመድባቸው አገሮች ለጥርስ ንጽሕና እንዲያገለግል አበረታቷል። ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ ድድ ሳይቧጥጡ በቀስታ መፋቅ፣ ያረጀውን ጫፍ ቆርጦ መጣል፣ ለሌላ ሰው አለማዋስ።

ምላስን አለመርሳት። በንጹሕ ማንኪያ ጠርዝ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ መጥረግ በቂ ነው።

ለቶንሲል ጠጠር፦ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ አንገትን ቀና አድርጎ ጉሮሮ ድረስ መጉመጥመጥና መትፋት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ጠጠሩ በራሱ ይወጣል።

ፈጽሞ የማይደረገው

ጠጠሩን በእሾህ፣ በእስክሪብቶ ክዳን፣ በሽቦ ወይም በጥፍር መጎርጎር አይገባም። ቶንሲል ብዙ የደም ሥር ያለበት ቦታ ነው።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ የአፍ ጠረንን አያድንም። እንጥልማ ከጠጠሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መዘዙ ግን ከባድ ነው፦ የማይቆም ደም፣ መመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፤ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ከዋለም ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ።

ከሱቅ ያለ ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ጠጠር አያወጣም።

መቼ ወደ ክሊኒክ እንሂድ? ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ደም ከታየ፣ አንዱ ቶንሲል ብቻ ካበጠ፣ ድድ ከደማ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ወይም ይህን ሁሉ አድርገን ሦስት ሳምንት ካለፈ። መምህራን ደግሞ ይህችን ልብ በሉ፦ የአንድ ትንሽ ልጅ ሽታ ከአንድ አፍንጫው ብቻ ከሚወጣ ፈሳሽ ጋር ከሆነ፣ ባቄላ ወይም የእርሳስ ላጲስ ቁራጭ ከትቶበት ሊሆን ይችላል። እቤት ለማውጣት አትሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ላኩት።

ለመምህራን፦ በክፍል ውስጥ

ማንንም ልጅ በስሙ ጠርተን በሰው ፊት አንናገር። ትምህርቱ ለሁሉም ይሁን፤ መነጋገር ካስፈለገ ለብቻ፣ ሴት ልጅ ከሆነች ብትችሉ በሴት መምህርት በኩል።

አንድ ቀላል ሙከራ ልጠቁማችሁ። ሁለት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውሰዱ። በአንደኛው አንድ ማንኪያ የተቀቀለ ምስርና ጥቂት ውኃ ጨምራችሁ ዝጉ፤ በሁለተኛው ያንኑ ምስር ጨምራችሁ ከደፋችሁ በኋላ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ዝጉ። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ አሳድሩና በማግስቱ ተማሪዎች ከሩቅ እያሸተቱ ያወዳድሩ። ከዚያ «የትኛው አፋችን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ መልሱን ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ፕላስቲኮቹን ግን መልሳችሁ ለመጠጥ እንዳትጠቀሙባቸው።

ከትምህርቱ በኋላ ሁሉም ተማሪ ምሳ በልቶ አንድ ጉንጭ ውኃ የመጉመጥመጥ ልማድ ቢይዝ፣ ተለይቶ የሚታይ ልጅ አይኖርም። ብቻውን ተቀምጦ የነበረውም ወደ ጓደኞቹ ይጠጋል፤ አፉን ከፍቶም ያነባል።

ለዛሬው በዚሁ ላብቃ። ጥያቄ ያላችሁ ለዝግጅት ክፍላችን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ይግጠመን።