የወፍ ቀለበትና የቍጥር እውነት

ያዩትን መቍጠር ቀላል ነው፤ የቈጠሩትን ማወቅ ግን ሌላ ትጋት ይጠይቃል። ይኸንንም በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ብቻ የምትገኘው፥ ሃሚንግበርድ የምትባለው እጅግ ትንሽ ወፍ ታስረዳለች።

የዚች ወፍ ወገን ብዙ ነው። ጕሮሮው ቀይ የሆነው ዓይነት ክብደቱ 3 ግራም ያህል ሲሆን፥ በአሜሪካ ምሥራቅና በካናዳ ተራብቶ፥ ብርዱ ሲቃረብ ወደ ሜክሲኮና ወደ ማዕከላዊ አሜሪካ ይወርዳል። በየአትክልቱ ስፍራ የስኳር ውሃ የሚሰቅሉለት ሰዎች በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ቍጥሩ ሲበዛ ያያሉ፤ ይኸውም የዓመቱ ጫጩቶች ከጎጆ ወጥተው ከሰሜን ከሚወርዱት መንገደኞች ጋር ስለሚገናኙ ነው።

ዳሩ ግን በአንድ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ብቻ የሚያይ ሰው «ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው» ብሎ ይደመድማል። ይኸንን ግምት ቀለበት አፈረሰው። ዛሬ የተያዘችው ወፍ ጥቂት ቀን ተመግባ፥ ለመንገድ የሚሆናትን ስብ አከማችታ ትሄዳለች፤ በስፍራዋም መልኳን የምትመስል ሌላ ትተካለች። ስለዚህ በአንድ ጓሮ የሚያልፉት በአንድ ጊዜ በዓይን ከሚታዩት እጅግ ይበዛሉ።

ይህ ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ዴንማርካዊው መምህር ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ቍጥር ያለበትን የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ማሰር ከጀመረ ወዲህ ተስፋፋ። በአሜሪካም ከ1920 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገቡን ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ቀለበት ማሰር ክልክል ነው።

ከመዝገቡም አንዱን ማንሳት ይበቃል። በጃንዋሪ 13 ቀን 2010 በፍሎሪዳ በታላሃሲ ከተማ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ዳማ ሃሚንግበርድ፥ በዚያው ዓመት በጁን 28 ቀን በአላስካ ተያዘች፤ ርቀቱም 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ በብርድ ወራት በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የምትታየው ዳማ ወፍ መንገድ የጠፋባት ትመስል ነበር። ነገር ግን ባለ ቀለበቶቹ በሚከተሉት ዓመታት ወደዚያው ጓሮ ሲመለሱ ተገኙ።

የዳማዪቱ ቍጥር ከ1970 ወዲህ ከግማሽ በላይ ጐድሏል። ቈጠራ መጕደሉን ይናገራል፤ ቀለበት ግን የት እንደምትራባ፥ የት እንደምታርፍ፥ ምን ያህል ዘመን እንደምትኖር ያስታውቃል። የምትራባበትን ዱር ጠብቆ የምትከርምበትን መተው ከንቱ ድካም ነው። ጠባቂም የሚጠብቀውን ለይቶ ሳያውቅ በድምሩ ብቻ ቢታመን፥ በየት በኩል እንደሚጐድልበት ሳያስተውል ያልቅበታል።