የአንጎል አጥርና የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ፦ ናኖቴክኖሎጂ ከጠላት የወሰደው ቁልፍ

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ የውሻ ንክሻ ከላይ ሲታይ ተራ ቁስል ሊመስል ይችላል። በምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ካለ ግን ቫይረሱ ነርቭ ከጡንቻ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከአሴታይልኮሊን ተቀባዮች ጋር ተጣብቆ ወደ ነርቩ ይገባል። ከዚያም በነርቩ የውስጥ ማጓጓዣ ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ያመራል። ጉዞው በደም በኩል ስላልሆነ የበሽታ መከላከያው ሥርዓት ዘግይቶ ይነቃል። ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ክትባት የሚያድነውም በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ ሕመምተኛ እጅግ ጥቂት ነው።

ቫይረሶች አንጎልን የሚጎዱበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ኸርፐስ ሲምፕሌክስ የቴምፖራል ሎብን ሕዋሳት ይገድላል፤ ኤች አይ ቪ በተለከፉ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ ያናጋል እንጂ ብዙም አያፈርሳቸውም። በሞተው ሰው አንጎል ላይ የሚገኘው ጉዳት ከሕመሙ አስከፊነት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መሆኑ ያስገርማል።

አንጎልን ከደም የሚለየው አጥር በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጠኛ ሕዋሳት ጥብቅ መጋጠሚያ የተሠራ ነው። ይህ አጥር መርዝን ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን መድኃኒትም ይመልሳል። ኤሳይክሎቪር በከፊል ስለሚያልፍ በኸርፐስ የአንጎል ብግነት ለአዋቂ በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ፣ በኪሎ ግራም ክብደት 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ገዳይ በሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ጊዜ አጥሩ ዝግ ሆኖ ስለሚቆይ በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ እንኳ በበቂ መጠን ወደ አንጎል አይደርስም።

የናኖቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች ዘዴውን የቀዱት ከራሱ ከቫይረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከቫይረሱ የላይኛው ፕሮቲን 29 አሚኖ አሲዶች ብቻ ተወስደው 9 የአርጂኒን ክፍሎች ተቀጠሉባቸው። ይህ ቅንጣት የቫይረስን መራባት የሚያግድ አጭር አር ኤን ኤ ተሸክሞ፣ በአይጦች ደም ሥር ተወግቶ አንጎል ደረሰ። በጃፓን የአንጎል ብግነት ቫይረስ ከተለከፉት አይጦች 80 በመቶ ያህሉ ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ይኸው ቁራጭ ሕዋሳት በሚያመነጯቸው ኤክሶዞም በተባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ላይ ተለጥፎ አር ኤን ኤን ወደ አይጥ አንጎል አድርሷል።

ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በደም ሥር ከሚሰጡ ናኖ ቅንጣቶች አብዛኞቹን ጉበትና ጣፊያ ይይዟቸዋል። በ2007ቱ ጥናትም ሕክምናው የተጀመረው አይጦቹ ከተለከፉ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሕመምተኛ ግን ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ቫይረሱ አንጎሉን ከወረረ በኋላ ነው። ለዚህ በሽታ እስካሁን የጸደቀ የናኖ መድኃኒት የለም። የተነከሰው ሰው ዕድል የሚወሰነው ገና ጤና ጣቢያው በር ላይ ሳለ፣ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ሲታጠብ፣ ክትባቱ ሳይዘገይ ሲጀመርና፣ ንክሻው ቆዳን የበሳ ከሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን በቁስሉ ዙሪያ ሲወጋ ነው።