ምግብ የማዘዝ ምልልስ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት

በእንግሊዝኛ የመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር ከሚገኙት ምልልሶች አንዱ በምግብ ቤት የሚካሄደው ነው። ተመጋቢው ይቀመጣል፤ አሳላፊው የምግብ ዝርዝር ያቀርባል፤ ምግብ ይታዘዛል፤ በመጨረሻም ሒሳብ ይከፈላል። ትምህርቱ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ መምህሩ ምልልሱን አንብቦ፣ ተማሪዎቹንም አስነብቦ፣ የምግብ ስሞችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ይህ አጭር ምልልስ ሁለት ዐበይት ቁም ነገሮችን ይዟል። እነርሱም በትሕትና የመጠየቅ ዘዴና የራስን አገር ነገር ለባዕድ ሰው የማስረዳት ችሎታ ናቸው።

1. ትሕትና በሁለቱ ቋንቋዎች

አማርኛ አክብሮትን በግሡ ውስጥ ያስገባል። «አምጣልኝ»፣ «አምጪልኝ» እና «ያምጡልኝ» የሚሉት ቃላት የሚጠይቁት አንድ ጉዳይ ሲሆን አክብሮትን ያዘለው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ «ዩ» የሚለው ተውላጠ ስም ለታናሹም ለታላቁም አንድ ስለ ሆነ ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ «እባክዎ ሻይ ያምጡልኝ» ብሎ በልቡ ያሰበ ተማሪ «ፕሊዝ ብሪንግ ሚ ሰም ቲ» ቢል በሰዋስው ረገድ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን በ«ያምጡልኝ» ውስጥ የነበረው አክብሮት ጠፍቶ በ«ፕሊዝ» ጥቂት የለዘበ ትእዛዝ ብቻ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ይህን ጉድለት የሚሞላው ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥና ረዳት ግሥ በመጨመር ነው፤ ይኸውም «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ቲ፣ ፕሊዝ?» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ተማሪው «ኩድ» የ«ካን» የኀላፊ ጊዜ መሆኑን ቀደም ሲል ስለ ተማረ፣ ገና ያልመጣ ሻይ ስለምን በኀላፊ ጊዜ እንደሚጠየቅ ግራ ይገባዋል። መምህሩ በዚህ አገባብ ቃሉ ጊዜን ሳይሆን ትሕትናን እንደሚያመለክት አስቀድሞ ሊገልጽለት ይገባል። እንደዚሁም «ኮፊ» አይቈጠርም ተብሎ የተማረ ልጅ በምግብ ቤት «ቱ ኮፊስ» ሲባል ቢሰማ ስሕተት ነው ብሎ እንዳይደመድም፣ ሁለት ስኒ ማለት መሆኑ ይነገረው።

የአሳላፊው ንግግርም እንዲሁ ቃል በቃል አይተረጐምም። «ምን ልታዘዝ?» የሚለው ያማረ አነጋገር በእንግሊዝኛ «ኋት ውድ ዩ ላይክ?» ነው። አሳላፊን በጭብጨባ መጥራት በአገራችን የቈየ ልማድ ሲሆን በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አገር ግን እንደ ንቀት ይቈጠራል። ሒሳብም በእንግሊዝ አገር «ቢል»፣ በአሜሪካ «ቼክ» ይባላል።

2. ተማሪው በየትኛው ወገን ይቁም?

ብዙዎቹ መጻሕፍት ተማሪውን በተመጋቢው ወንበር ያስቀምጡታል። ይህ ወደ ለንደን ለሚጓዝ መንገደኛ ተስማሚ ነው። ነገር ግን በላሊበላ፣ በጐንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በየሆቴሉ ተቀጥሮ እንጀራውን ለሚያገኝ ወጣት የሚያስፈልገው የአሳላፊው ቃል ነው። አሳላፊው ደግሞ ጥያቄ ይጠየቃል። «ይህ ምንድን ነው? ቅመሙ ያቃጥላልን? ሥጋ አለበትን?» ለሚለው እንግዳ የምግቡን ስም ብቻ ቢደጋግምለት መልስ አልሰጠም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የጾም ምግብ ነው። በአገራችን ብዙዎች «ፋስቲንግ ፉድ» ይሉታል። ለባዕዱ ጆሮ ግን ቃሉ እርስ በርሱ የሚጣረስ ነው፤ ጾም ለብዙዎች ከምግብ ሁሉ መከልከል ነውና። አንዳንዱም «ፋስት ፉድ» የተባለውን ፈጣን ምግብ የሰማ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል የሌለበት ምግብ መሆኑን፣ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድም ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀኖች መሆናቸውን በእንግሊዝኛ መግለጽ ይልመድ። ሽሮ ከምን እንደሚሠራና ከምን ጋር እንደሚቀርብ ሲያስረዳም «ኢዝ ሜድ ፍሮም» እና «ኢዝ ሰርቭድ ዊዝ» ማለቱ አይቀርም። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ በደረቁ የሚጠናው የተገብሮ ግሥ እዚህ ላይ እውነተኛ ሥራውን ያገኛል።

3. በክፍል ውስጥ አፈጻጸሙ

ትምህርቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪዎች በሰፈራቸው ካለው ምግብ ቤት የምግብ ስምና ዋጋ ቀድተው ያመጣሉ፤ ዝርዝሩም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከዚያም በአንድ ወንበር ጐን ለጐን የተቀመጡት ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ለተመጋቢው «ጾመኛ ነህ» ወይም «በርበሬ አይስማማህም» የሚል፣ ለአሳላፊው ደግሞ «ምስር አልቋል» የሚል ቍራጭ ወረቀት ይሰጣል። አንዱ የሌላውን ወረቀት ስለማያይ ምልልሱን በቃል ማነብነብ አይችሉም፤ መጠየቅና መስማት ግድ ይሆንባቸዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ። ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ጫጫታ መነሣቱ አይቀርም፤ ይህ ግን የሥራ ጫጫታ ነው።

መምህሩ በመካከል እያቋረጠ ስሕተት አያርም፤ የሰማውን መዝግቦ በመጨረሻ ለሁሉም ያስረዳል። ምዘናውም ቀላል ነው። አሳላፊው የጻፈው ትእዛዝ ተመጋቢው ከፈለገው ጋር ከተስማማ ቋንቋው ሥራውን ፈጽሟል።

4. ለሥርዓተ ትምህርት ነዳፊዎች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት፣ በሁለተኛ ደረጃም በማስተማሪያነት እንዲያገለግል ደንግጓል። ይህን ያህል ዓመት የተማረ ወጣት ለእንግዳ አንድ ሳሕን ምግብ ማስረዳት ካቃተው ጉድለቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ስለዚህ መጻሕፍት ሲዘጋጁ የአሳላፊውም ወገን ይካተት፤ የአገር ምግብ በምልልሱ ውስጥ ይግባ፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራን የትሕትናን አነጋገር ከሰዋስው እኩል ይለማመዱ። ተማሪው ይህን የመሰለውን ነገር በክፍል ውስጥ ተሳስቶ ቢታረም ይሻለዋል፤ በሥራው ላይ ሲሳሳት የሚያርመው አያገኝምና።